የመስመሩ ደወል

ልጅቷ የጻፈችው፣ የሕሙማን መዝገብ የሚይዝ የኮምፒውተር ፕሮግራም ከሰዓት በኋላ ወደ ሆስፒታሎች ሁሉ ሊላክ ነበር። «አባዬ፣ እስቲ ስምህን ጻፍበት፤» አለችው። የስሙ ቦታ ለሠላሳ ፊደል ብቻ የሚበቃ ነበር። አባቷ ግን ዕድሜውን በጽሕፈት መኪና የጨረሰ ሰው ነውና ስሙን እየደጋገመ መምታቱን ቀጠለ።

«ኧረ ይበቃል!»

«ደወሉ ይሰማ እንጂ! መስመሩ ማለቁን በምን ልወቅ?»

ደወል አልነበረም። ትርፉ ፊደል ከቦታው ፈስሶ ከጎኑ ያለውን የኮምፒውተሩን ማህደረ ትውስታ አጥለቀለቀና፣ ማሽኑ የይለፍ ቃል እንኳ ሳይጠይቅ የሕሙማኑን መዝገብ ወለል አድርጎ ከፈተው።

«አበላሸሁብሽ እንዴ?»

«ተመስገን! ሳይላክ አተረፍከኝ እንጂ፤» ብላ ጉንጩን ሳመችው። ፊደል የሚቆጥር አንድ የትእዛዝ መስመር ጨመረችና «በል ድገመው» አለችው። ሠላሳኛው ፊደል ላይ ኮምፒውተሩ ደወል አሰማ። የአባቷ ግራ እጅ ሳያስበው ተነስቶ አዲስ መስመር ሊጀምር የሌለውን የጽሕፈት መኪና እጀታ ወደ ቀኝ ገፋ።