የግንባር መርፌ

የልጇ ሠርግ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ውድነሽ የግንባሯን መጨማደድ ልታስጠፋ ጓደኛዋ አዜብ የጠቆመቻት ሴት ቤት ሄደች። አዜብ ባለፈው ቅዳሜ እዚያው ተወግታ ግንባሯ ልስልስ ብሎላት ነበር።

ሴትዮዋ ሶፋ ላይ አስተኛቻትና ምንም ካልተጻፈበት ብልቃጥ መድኃኒት ቀዳች።

«ሐኪም ነሽ አይደል?» አለቻት ውድነሽ።

«አይዞዎት፣ እጄ ቀላል ነው።»

አምስት ቦታ ወጋቻት። የመጨረሻውን መርፌ ስትነቅል የውድነሽ ስልክ ጠራ። የአዜብ ልጅ ነበረች።

«እትዬ ውድነሽ፣ እማዬ ሆስፒታል ናት። ዓይኗን መግለጥ አቅቷታል፤ ውሃ እንኳ አልዋጥ ብሏታል። ሐኪሞቹ የት ነው የተወጋችው ይላሉ፤ እርስዎ ያውቃሉ?»

ሴትዮዋ የውድነሽን ግንባር በጥጥ ጫን ጫን እያደረገች፣ «አሁን ምንም አይታወቅዎትም፤» አለቻት። «መሥራት የሚጀምረው ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ ነው።»