አርባ ደቂቃ ከቀይ ሰንጋ ጋር

«ከሠርጉ ፊልም ጀምሪ እንጂ!» አለ ሸምሱ፣ የፕሮጀክተሩን ገመድ እየፈታ። «አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው፤ ጭፈራ አለው፤ ሰው ይስቃል። ያንን የሰንጋውን ለሌላ ቀን አቆዪው።»

ሱዓድ ልትስማማ ነበር። አዲስ አበባ ያሉ ወዳጆቿም የመከሯት ይህንኑ ነው። ከሠራቻቸው ሦስት ፊልሞች፣ ለማያውቃት ሰው መጀመሪያ አጭሩ፣ መጨረሻ ከባዱ። ደግሞም ዛሬ ከሚሴ ውስጥ ሸምሱ ኳስ ወደሚያሳይበት አዳራሽ የሚመጣው ተራ ሰው አይደለም። አባቷ ጀይላን ነው። ከሚሴና ሰንበቴ ሲመላለስ ያረጀ የከብት ደላላ፤ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ሥራዋን አላየም። ልጅህ ምን ትሠራለች ሲሉት «ፎቶ ታነሳለች» ይላል። ነገር ካልጣመው ከቀበሌ ስብሰባም፣ ከሰው ሠርግም መሃል ተነስቶ ይወጣል። «ለከሰዓቱ የአስር ሶላት እሄዳለሁ፤ አንዱን ብቻ አሳዪኝ» ብሏታል። አንዱን። ያ ካልያዘው ሁለተኛ አይመጣም።

«የኛ ሰው እንዲህ ያለው አይገባውም» ሲል ጨመረ ሸምሱ፣ በደግ ልብ።

ይህቺን ባይጨምር ጥሩ ነበር።

«የኛ ሰው ምን ሆነና ነው የማይገባው? ዓይን የለውም?» ሱዓድ ከወንበሯ ተነሳች። «ዜሮ ለዜሮ የሚያልቅ ኳስ ዘጠና ደቂቃ ስታስቀምጠው ይገባዋል፣ የኔ ሲሆን ደነዘ?»

«አቦ፣ ኳስ እኮ ይንቀሳቀሳል! ያንቺ በሬ ቆሟል!»

በንዴት የሰንጋውን ፊልም አዘጋጀችው። ንዴቷ ሲበርድ አባቷ ገብቷል፣ አዳራሹ አብረውት በመጡ የገበያ ወዳጆቹ ተሞልቷል፣ መብራቱም ጠፍቷል። የሠራችውን አወቀች። አባቷን ከነወዳጆቹ ሰብስባ ራሷን ልታዋርድ ነው።

ፊልሙ ይኸው ነው፦ የሰንበቴ ገበያ፣ ካሜራው አንድ ቦታ ተተክሏል፣ አርባ ደቂቃ አይቆረጥም። ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ከቀይ ሰንጋ ጎን ቆሟል። ገዢ ይመጣል፣ ያያል፣ ይሄዳል። ሙዚቃ የለም። አዲስ አበባ በታየ ጊዜ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ወንበር መንቋቋት ጀምሮ፣ ከአርባ ሰው ስምንት ቀረ። ከቀሩት አንዱ፣ ዓይኑን ከስልኩ ያላነሳ የፊልም አዋቂ ነኝ ባይ፣ የሽማግሌው አለመንቀሳቀስ «የዘመናችን ዝምታ» ነው ብሎ ጻፈ። ሱዓድ ያቺን ዓረፍተ ነገር ጠላቻት። ግን ሽማግሌው ለምን እንደማይነቃነቅ እሷም የተሻለ መልስ አልነበራትም።

ዛሬም ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ወንበር ተንቋቋ። የአባቷ ነው። ዓይኗን ጨፈነች።

የበሩን ድምፅ ጠበቀች፤ አልመጣም። ስትገልጥ አባቷ ወንበሩን ወደ ፊት ስቦ፣ አገጩን በዱላው ላይ አስደግፏል።

«ኢላሊ!» አለ ጎኑ ያለውን ወዳጁን ሙጂብን በክርኑ ጎሸም አድርጎ። «እይማ! አላራመደውም።»

«ማን?»

«ሻጩ ነዋ! ሦስት ገዢ መጣ። የሰንጋውን ጥርስ አሳየ፣ ሻኛውን አስነካ። አንድ እርምጃ ግን አላራመደውም።»

ሁሉም ወደ ሸራው አንገቱን አሰገገ። ከዚያ ሙጂብ «ወላሂ እውነቱን ነው!» አለ።

«እግሩ ነው» አለ ጀይላን። «የኋላ እግሩን ያነክሳል። ሽማግሌው ጋቢውን ዘርግቶ እዚያች ቦታ የተገተረው ለምን መሰለህ?»

«ያ ሽማግሌ! ሌባ!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ምን ሌባ ይሆናል፤ ሻጭ ነው!» አለ ጀይላን፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። «አንተስ ባለፈው ባቲ ላይ ያቺን ላም ስትሸጥ የት ነበር የቆምከው?»

ሱዓድ ይህን ፊልም ስድስት ወር ተቀምጣበታለች፤ ሁለት መቶ ጊዜ አይታዋለች። የደላላ ልጅ ናት፣ ግን በልጅነቷ ከብት ተራ ይዟት የሄደ ሰው አልነበረም። ካሜራውን ለሽማግሌው ፊት ብላ ተከለችው እንጂ እግር የሚባል ነገር አላየችም። የዘመናችን ዝምታ! ሳቋ አመለጣት፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ጠዋት የገባው ትንፋሽ ገና አሁን የወጣ መሰላት።

አባቷ ዞር ሳይል «ዝም በይ እስቲ፣ እንይበት!» አላት።

እሷም ወንበሯን ወደ ፊት ሳበች።

ሸራው ላይ አራተኛው ገዢ መጣ፤ ከአፋር በኩል የዘለቀ ጎልማሳ። ጥርሱን አላየም፣ ሻኛውን አልነካም። ገመዱን ከሽማግሌው እጅ ተቀብሎ ሳብ አደረገ። ሽማግሌው ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ ግማሽ እርምጃ ወደ ሰንጋው የኋላ እግር ተጠጋ።

አዳራሹ ውስጥ ነጭ ቆብ የደፉት ሁሉ፣ ጀይላንና ሙጂብ፣ ፕሮጀክተሩ ሥር የቆመው ሸምሱም ጭምር፣ ከጋቢው ጀርባ ያለችውን እግር ለማየት አንድ ላይ ወደ ግራ ዘመም አሉ።