የማድቤቱ ጭስ

እንደ መናቅ እማማ የሻረግን የሚያንገበግባቸው ነገር የለም። የምድርን አየር የሚያሞቀውን ጭስ መጠን ሊያሰላ የመጣው ባለሙያ ግን መላውን ሲሚንቶ ፋብሪካ ሲዞር ውሎ፣ ለሠራተኛው ወጥ የሚሠሩበትን ማድቤት ዘሎት ሊሄድ ነው።

«አንተ ልጅ! የኔስ ጭስ ጭስ አይደለም?»

ባለሙያው አፍሮ ተመለሰ። እሳቸውም እንዳይናቁ ብለው የሚማግዱትን እንጨት እጥፍ አድርገው ነገሩት።

በወሩ ባለሙያው የፋብሪካውን ሥራ አስኪያጅ ተከትሎ መጣ። ፋብሪካው ጭሱን እንዲቀንስ ታዟል፤ ቅነሳው ከማድቤቱ ይጀመራል። ከእንግዲህ ምግቡ ከከተማ በመኪና ይመጣል፤ እማማም ይሰናበታሉ።

«እማማ፣ እርስዎ ያሉኝን ነው የጻፍኩት» አለ ባለሙያው አንገቱን ደፍቶ።

ክንዱን አፈፍ አድርገው ወደ ደጅ ጎተቱት። ሰማዩን ያጠቆረውን የፋብሪካውን ጭስ ማውጫ እያሳዩ፣

«በል፣ ያንንም አጥፋልኝ!» አሉት።