ዲግሪ መርማሪው

ሐሰተኛ ዲግሪ የሚያጋልጠውን ፕሮግራም የጻፈችው ፈትለወርቅ ናት። አልሠራ ሲል ስህተቱን እንዲያወጣ የተጠራው ኢንጂነር ሦስት ቀን ሙሉ እንደ ወተት ቢንጠው፣ ፕሮግራሙ ገና ሲነሳ ትንፍሽ ሳይል ይዘጋበታል።

«ጌታዬ፣ ይቺን ደደብ ያባርሩልኝ!» አለ ለሥራ አስኪያጁ።

ሥራ አስኪያጁ አፈጠጡባት። «ሰማሽ፣ አንቺ?»

«ከማስነሻው ትእዛዝ ቀጥሎ የሚመረመረው ሰው ስም ካልተጻፈለት ማንን ይመርምር?» አለች፣ ወንበሩ ላይ እንደ ግንድ የተጎለተውን ኢንጂነር በንቀት እያየች።

«እንግዲያው የጌታዬን ስም ልስጠው! እርስዎን ካላወቀማ ጉዷ ፈላ» ብሎ ኢንጂነሩ ጻፈ። ፕሮግራሙም የተመራቂዎችን መዝገብ መስመር በመስመር ፈትሾ፣ «በዚህ ስም የተመረቀ ሰው የለም» አለ።

ሥራ አስኪያጁ ላባቸውን ጠረጉ።

«ተበላሽቷል፤ አጥፋው!» አሉት። ወደ ፈትለወርቅ ዞረው ግን ለስለስ አሉ፦ «ወይዘሪት፣ ከነገ ጀምሮ ምክትሌ እርስዎ ነዎት።»