ሦስተኛዋ ማን ናት?

በቤልጂየሟ ጌንት ከተማ በተካሄደው የአውሮፓ የቤት ውስጥ ሻምፒዮና፣ የሴቶች ስምንት መቶ ሜትር ፍጻሜ ውጤት በሰሌዳው ላይ ሲለወጥ፣ ሊስቤት ገና ትንፋሿ አልተመለሰላትም ነበር። አራተኛ ነበር የወጣችው፤ አሁን ግን ስሟ ሦስተኛ ላይ ተጻፈ። ቀድማት የገባችው ሆላንዳዊቷ ሮስ የውስጡን መስመር ረግጣለች ተብላ ተሰርዛለች። አሠልጣኟ ዋነስ የቤልጂየምን ባንዲራ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላትና፣ «በዚህ ዕድሜሽ ሜዳሊያ! እናትሽ እላይ ተመልካቾቹ መሃል እያለቀሰች ነው፤ እጅሽን አውለብልቢላት እንጂ!» አላት።

ሊስቤት እጇን አላነሣችም። ሮስ ራቅ ብላ ወለሉ ላይ ተዘርፍጣ፣ «ተገፍቼ ነው እኮ! ማንም አላየም ይሉኛል» እያለች ታለቅስ ነበር። እውነቷን ነው። በመጨረሻው መታጠፊያ ላይ መውጫ ያጣችው ሊስቤት በክርኗ ገፍታታለች፤ ሌሎቹ ሯጮች ስለከለሏቸው ካሜራው አልያዘውም።

«ዋነስ፣ የገፋኋት እኔ ነኝ።»

«ዝም በይ! ማን ጠየቀሽ?»

ባንዲራውን ከትከሻዋ አውርዳ አስታቀፈችውና ወደ ዳኞቹ ሄዳ ተናገረች። ጥቂት ቆይቶ ሮስ ወደ ሦስተኝነቷ ተመለሰች፤ የሊስቤት ስም ከተሰረዙት ጋር ታች ወረደ። ያኔ ነው እንባዋ የመጣው።

ወደ ሮስ ሄዳ ፊቷ ቆመች። «ይቅርታ አድርጊልኝ» አለቻት።

ሮስ ቀና ብላ አየቻት። ጎኗን እያሻሸች፣ «ክርንሽ ብረት ነው እንዴ? እናንተ ቤልጂየሞች!» አለች። ከዚያ እጇን ዘረጋችላት። «በይ አንሺኝ፤ እግሬ እምቢ ብሎኛል።»