የሻሺቱ አንቴና

ሴቻ ሰፈር ላይ ዲሽ የሌለው ጣሪያ ፈልጋችሁ አታገኙም። የሻሺቱ ቤት ግን አልነበረውም። የነበረው አንቴና ነው። የሞያሌ መስመር ሾፌር የነበረው ባሏ በረጅም ባህር ዛፍ ጫፍ አስሮላት ነበር የሞተው። ሰፈሩ ሲስቅበት ኖረ። ታዲያ ያ የተሳቀበት አንቴና ሰማዩ ሲጠራ የኬንያን ቻናል በነጻ ይስባል። ምስሉ እየተቆራረጠ፣ ድምፁ እየሄደ እየመጣ፣ ብቻ ይስባል።

ስዋሂሊ የሚሰማ በሰፈሩ የለም። ቢሆንም ልጆቹ ከሄዱ ወዲህ ያ ቻናል የሁለት እናቶች ሆነ። የሻሺቱ ልጅ ባርኮትና የጎረቤቷ የባዩሽ ልጅ ኪያ ደቡብ አፍሪካ እንገባለን ብለው በሞያሌ በኩል ተያይዘው ወጡ። ከዚያ ስልካቸው ተዘጋ። መንገድ ላይ የተያዘ ሐበሻ በኬንያ ዜና ይታያል ሲባል ሰሙና፣ ሁለቱ ሴቶች በየምሽቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ፊት ይፈልጉ ጀመር።

ባዩሽ በዚህ ላይ ሰርግ አለባት። ልጇ ኖላዊት እሁድ ልትዳር ነው። ይቺ ልጅ ከዚህ በፊትም ተደግሶላት ነበር። አባቷ በሰርጉ ሳምንት ሞተና ለሰርጉ የተደገሰውን ለቀስተኛ በላው። ሙሽራው ጨዋ ነው፣ ጠበቃት። ቤተሰቦቹ ግን ማጉረምረም ጀምረዋል። አሁንም ከፈረሰ፣ ፈረሰ ነው።

ሐሙስ ዕለት ባዩሽ ከኦቾሎ የሚመጡ ዘመዶቿን ልትቀበል መናኸሪያ ወረደች። ሻሺቱ ዜናውን ብቻዋን ከፈተች። የተገለበጠ አይሱዙ ታየ። መንገድ ዳር ልጆች ተቀምጠዋል፣ አንዱ ውሃ ይጠጣል። ከነሱ ወዲያ መሬት ላይ ሸራ የለበሰ አለ። ፖሊሱ ከሟቹ ኪስ የወጣ መታወቂያ ወደ ካሜራው አስጠጋ።

ፎቶውን አወቀችው። ሊሄዱ ሰሞን ሁለቱም ሲኬላ ፎቶ ቤት ወርደው፣ አንድ ሸሚዝ ተራ በተራ ለብሰው የተነሱት ነው።

አልጮኸችም። ቢላዋ ይዛ ወጣችና የአንቴናውን ገመድ ቆረጠች። በዚያው ቢላዋ የባዩሽን ሽንኩርት ልትከትፍ ሄደች።

አርብ ጠዋት የእድሩ ዳኛ ጋሽ ጌታነህ ቤት ደረሰች።

«ጋሼ፣ የልጆቹ መኪና ተገልብጧል። በቴሌቪዥን አየሁት። አንዱ ቁጭ ብሎ ውሃ ሲጠጣ አይቼዋለሁ። አንዱ የለም።»

ጋሽ ጌታነህ ኮፍያቸውን አወለቁ። «ወይኔ ባዩሽ! ባሏንም በሰርግ፣ ልጇንም በሰርግ!»

«ባዩሽ እንዳትሰማ ብዬ ነው የመጣሁት። መልሱ እስኪያልፍ ማንም አይስማ። የዚያች ልጅ ሰርግ ሁለተኛ አይፈርስም።»

«እውነትሽን ነው። ለሽማግሌዎቹ ብቻ እነግራለሁ፤ ማክሰኞ ማለዳ እናረዳለን።» ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። «ያንቺ እንኳን ተረፈልሽ፣ ልጄ። ተመስገን በይ።»

«ማክሰኞ እንግዲህ» አለችና ወጣች።

የዚያን ዕለት አመሻሽ ባዩሽ እንግዶቿን አስከትላ ዜና ልታይ መጣች። ቴሌቪዥኑ ጨለማ ነው። ወጥታ ገመዱን ስታይ ጭንቅላቷን ያዘች።

«በቢላዋ ነው የተቆረጠው! ማነው እንዲህ ያደረገኝ?»

«እኔ ነኝ» አለች ሻሺቱ።

«ምን በደልኩሽ?»

«ታከተኝ። ይብቃን፣ ባዩሽ።»

«አንቺን ስለታከተሽ የኔ ልጅ ወጥቶ ይቅር? ቀንተሽ ነው! እኔ ልድር ስል ዓይንሽ ቀላ!»

እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ «ምን ዓይነቷ ምቀኛ ናት» የሚልም አልጠፋ። ሻሺቱ ባዩሽ ቤት ድረስ ተከትላቸው ሄደች፣ ድስቱ ዘንድ ቁጭ አለች፣ ማማሰያውን ያዘች። ውጪልኝ ብትባልም የምትወጣ አትመስልም ነበር።

እሁድ ሰርጉ ደመቀ፣ ምን አለፋችሁ! ሻሺቱ ወጥ ጨለፈች፣ እንግዳ አስተናገደች። ሴቶቹ ጎትተው መሀል ሲያስገቧት ጨፈረች። እግሯ ይነሳል፣ እጇ ያጨበጭባል፣ እሷ የለችም። መርዶውን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ጥግ ላይ ሆነው ታዘቧት።

«እንዴት አስቻላት?» አለ አንዱ።

«የራሷ ተርፎላት የለ» አለ ሌላው።

ኖላዊት ወደ መኪናው ስትገባ ባዩሽ መጣችና እጇን በጉርሻ ሞልታ ሻሺቱ ፊት ቆመች። «በዚያን ቀን ክፉ ተናገርኩ፣ እህቴ። ጉረሺልኝ።» ሻሺቱ ጎረሰች። እስክትውጠው ብዙ ቆየች። ኖላዊት በመስኮቱ ስትስቅ አየች፤ ያኔ ብቻ ትንሽ ደስ አላት።

ሰኞ ማታ መልሱ አለቀ። የእድሩ ጎረምሶች ድንኳኑን ሊነቅሉ መጡ።

«ተዉት፣ ይቆይ» አለቻቸው ሻሺቱ። ጋሽ ጌታነህ አንገታቸውን ደፉ።

ማክሰኞ ማለዳ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡ። ባዩሽ ከድግሱ ድካም አልነቃችም። ሻሺቱ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ በራሷ ደጅ ቁጭ ብላ ጠበቀቻቸው።

«በርቺ እንግዲህ» አሉ ጋሽ ጌታነህ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ወደ ባዩሽ ቤት እያመሩ። «አንቺ ቀድመሽ ግቢና ያዣት፤ እንዳትወድቅ።»

«ባዩሽን ቀስቅሱልኝና እሷ ትያዘኝ» አለች ሻሺቱ፣ የራሷን በር ወለል አድርጋ እየከፈተች።