የመበለቲቱ ከበሮ

አገሯን የያዘው የባዕዱ የታንግ መንግሥት ሹም የአያቶቿን የነሐስ ከበሮ ገልብጦ ፈረሱን ውሃ ሲያጠጣበት፣ መበለቲቱ እንደ አገሯ ሴቶች ወግ ያጠቆረችውን ጥርሷን ነክሳ ታየው ነበር። ከበሮው ላይ የተቀረጹት እንቁራሪቶች በአፍጢማቸው ጭቃ ውስጥ ተደፍተዋል። ፈረሱ ሲጠግብ ሹሙ ከበሮውን በእግሩ ገፋና ሁለቱን ወታደሮቹን፣ "ጫኑት! ቀልጦ ድስት ይሆነናል" አላቸው።

"ጌታዬ፣ አንዴ መትቼ ልሰናበተው።"

"ምቺው አንቺ ጥርሰ ከሰል! ካሰኘሽም ጨፍሪበት!" ብሎ ከት ብሎ ሳቀ።

ከበሮውን አቃናችው። እንቁራሪቶቹን አንድ በአንድ በቀሚሷ ጠረገች። ከዚያ የሩዝ መውቀጫዋን ዘነዘና አንስታ፣ ያን ሁሉ ዓመት የዋጠችውን ንዴት ሁሉ አሳርፋበት ሦስት ጊዜ መታችው። ድምፁ ማሳውን አቋርጦ ሄደ። ሩዝ ሲተክሉ የነበሩት ሁሉ ቀና አሉ፤ ወዲያውም ወንዱም ሴቱም ዶማውን እየያዘ ወደ ግቢዋ ይጎርፍ ጀመር።

የሹሙ ሳቅ ተቋረጠ። "ዶማው ምንድን ነው?"

"ይሄ ከበሮ የሚመታው ሰው ሲሞት ነው፤ ጎረቤት መቃብር ሊቆፍር ይመጣል።"

"ታዲያ ማን ሞተ?"

ዘነዘናውን አላስቀመጠችም።

"እስካሁን ማንም አልሞተም" አለችው።